ዳኛ የሌለው ጠረጴዛ

መብራት ሲጠፋ ነበር የምንጫወተው። አራት ነን፤ አንድ ሻማ፣ አንድ በስፓይራል የተጠረዘ ወፍራም ፎቶኮፒ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ። ብርጭቆው ውስጥ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ጥቅል ወረቀቶች አሉ። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ የሚሸጥ ሱቅ ስላላገኘን ዕጣ እናወጣ ነበር። አውጥተን፣ አንብበን፣ መልሰን ጠቅልለን ብርጭቆው ውስጥ እንጥለዋለን። በሒሳብ ካያችሁት ዳይስ ከመወርወር ምንም ልዩነት የለውም።

አንድ ምሽት ገጸ ባሕርያቶቻችን አንድ የግንብ በር ላይ ደረሱ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። እኔ እንዋጋ አልኩ። ሌላው ጓደኛችን በጓሮ እንዙር አለ። የዳኛችን ታናሽ እህት ግን፣ ያን ቀን ገና ለሁለተኛ ጊዜ መጫወቷ ነው፣ "አዲሷ ወጥ ሠሪ ነኝ እለዋለሁ" አለች። "ደግሞ በቁጣ ነው የምናገረው። ሽንኩርቱ እስካሁን ለምን አልገባም ብዬ።"

ዳኛችን ፎቶኮፒውን አልገለጠም። ትንሽ አሰበና "ሽንኩርት ካነሳሽማ እሱ ራሱ ግራ ገብቶታል። 8 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣሽ ይከፍትልሻል" አላት። ዕጣው 6 ሆነ። ዘበኛው በሩን አልከፈተም፤ ግን አላባረራትምም። "ቆይ እስቲ" ብሎ የወጥ ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ መጣ። የዚያ ምሽት ጨዋታ ውጊያ ሳይሆን፣ ሁለት ሴቶች በር ላይ ቆመው ስለ ሽንኩርት የሚከራከሩበት ሆነ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ያ ሽንኩርት በየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ውስጥ የለም። 8 የሚለውም ቁጥር ከየትም አልተቀዳም፤ ዳኛችን እዚያው ፈረደው። ሲወድቅባት ምን እንደሚሆንም የወሰነው እሱ ነው። ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩ ጨዋታዎች ሲተቹ ሁሌም የሚነሳው ጥያቄ "ለመጽሐፉ ምን ያህል ታማኝ ነው?" የሚል ነው። እኔ ጥያቄው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት "የዳኛው ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?" የሚለው ነው።

መጽሐፍ፣ ዳይስ፣ ዳኛ

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የመጡት ከጦር ሜዳ ጨዋታ ነው፤ ትንንሽ የወታደር ቅርጾች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ከሚዋጉ ሰዎች መካከል። አዲስ ያደረጉት ነገር ተጫዋቹ ሠራዊት መምራቱን ትቶ አንድ ሰው እንዲሆን ነው፤ አንድ ሌባ፣ አንድ አስማተኛ፣ አንድ ሰይፈኛ። ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ተጫዋቹ በቃሉ ይናገራል። ይሳካ አይሳካ በሚያጠራጥርበት ቦታ ዳይስ ይወረወራል።

ስለዚህ ጨዋታው በሦስት እግር ይቆማል፤ መጽሐፉ፣ ዳይሱ፣ እና ሁለቱን የሚያስታርቀው ሰው። በእንግሊዝኛ ዳንጀን ማስተር ይሉታል። እኛ ሻማ ስር ያን ሁሉ መጥራት ሰለቸንና ዳኛ አልነው። ሥራውም በእርግጥ ዳኝነት ነው። ሕጉን ያውቃል፤ ሕጉ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ይፈርዳል፤ ሕጉ ጨዋታውን የሚገድልበት ቦታ ላይ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ኮምፒውተር ከሦስቱ ሁለቱን ያለ ችግር ይወስዳል። እንዲያውም ከእኛ ይበልጣል፤ ሒሳብ አይሳሳትም፣ ገጽ አይፈልግም፣ ዳይሱ ከጠረጴዛ ስር አይንከባለልበትም። ሦስተኛው ግን ፎቶኮፒ አይደረግም። ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ጌሞች ሁሉ ያንን ባዶ ወንበር በአንድ ነገር ሞልተውታል። የሚለያዩት በምን እንደሞሉት ነው።

ታኮ

በ1998 መጨረሻ ላይ የካናዳው ባዮዌር ባልደርስ ጌትን አወጣ። ያኔ የተጠቀመበት ሕግ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሁለተኛ እትም ነው፤ 1989 ላይ የታተመ፣ በአስቸጋሪ ሒሳቡ የሚታወቅ። የሒሳቡ እምብርት ታኮ ይባላል። የጫማ ታኮ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው። ጀማሪ ሰይፈኛ ታኮው 20 ነው። የተቃዋሚው የመከላከያ ቁጥር 5 ከሆነ ከ20 ላይ 5 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ለመምታት 15 እና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። የመከላከያ ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን ይሻላል። ታኮም እንደዚያው። ሰባተኛ ደረጃ የደረሰ ሰይፈኛ ታኮው 14 ይሆናል፤ ተቃዋሚው ከዜሮ በታች 2 ከሆነ ደግሞ 14 ሲደመር 2፣ 16 ማውጣት ይጠበቅበታል። ጥሩ ነገር ሁሉ ወደ ታች የሚሄድበት፣ ሲቀንሱት የሚደመር ሕግ! ሻማ ስር ይህን ለጀማሪ ማስረዳት ፈተና ነው።

ባልደርስ ጌት ይህን ጣጣ ዋጠልን። ሒሳቡ ከስክሪኑ ግርጌ በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ እያለፈ፣ ተጫዋቹ ደግሞ ጫካውን ያያል። ጊዜውንም ቀየረው። በመጽሐፉ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ነበር፤ በጌሙ 6 ሰከንድ ሆነ። ተራ መጠበቅ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ማሰብ ሲያስፈልግ በአንድ ቁልፍ ዓለሙን ማቆም ይቻላል። ለዘመኑ ብልህ መፍትሔ ነበር።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ሕግ ጀማሪ አስማተኛ አንድ እፍኝ እንኳን ነፍስ የለውም፤ በጌሙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነጥብ። ድግምቱም በቀን አንድ ነው፤ እሱን ከተጠቀመ ተኝቶ እስኪነሳ ባዶ እጁን ነው። አንድ ቀስት ካገኘው አለቀ። ጠረጴዛ ላይ ይህ ሕግ አልገደለንም፤ ዳኛ አለና። ቀስተኛው ሌላ ሰው ላይ ያነጣጥራል፣ ወይም አስማተኛው ሞተ ከመባል ቆሰለ ይባላል። መጽሐፉ ጨካኝ የሆነው የሚያለዝበው ሰው እንደሚኖር አውቆ ነው። ባልደርስ ጌት ጭካኔውን ወስዶ አለዛቢውን ተወው። በቦታው ያስቀመጠልን ሴቭና ሎድ ነው። ሞትክ? ተመለስ። እንደገና ሞትክ? እንደገና ተመለስ። ያኔ ዳኛው እኛው ራሳችን ሆንን። በራሱ ጉዳይ የሚፈርድ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚፈርድ የታወቀ ነው።

በዓመቱ፣ በ1999፣ ብላክ አይል የተባለው ክፍል በዚያው ሞተርና በዚያው ሕግ ፕሌንስኬፕ ቶርመንትን ሠራ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ጌሙ ግን የሌላ ዓለም ነው። ባለታሪኩ ስሙን የረሳ፣ መሞት የማይችል ሰው ነው። ሲገደል ይነሳል። ስለዚህ ሎድ የማድረጉ ልማድ ከሥሩ ትርጉም አጣ፤ መውደቅ ራሱ የታሪኩ አካል ሆነ። ጥበብ፣ ማስተዋል፣ ሞገስ የሚባሉት ቁጥሮች፣ በሌላው ጌም ሰይፈኛው ሳያስብ የሚጥላቸው፣ እዚህ በሮችን ሁሉ የሚከፍቱ ቁልፎች ሆኑ። ብዙ ያስተዋለ ገጸ ባሕርይ ሌላው የማያየው የንግግር ምርጫ ይመጣለታል። መጨረሻ ላይ እንኳን በቃል ማሸነፍ ይቻላል።

ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። ውጊያው ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ያሰለቻል። ግን ሠሪዎቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ዳኛን መቅዳት ካልተቻለ፣ ዳኛ ሊመልስ የሚችለውን መልስ አስቀድሞ በብዙ መጻፍ ይቻላል። ወንበሩ ላይ ጸሐፊ አስቀመጡ።

ፊደሉን የጠበቁ

በሌላው ጫፍ ለመጽሐፉ የማሉ ጌሞች አሉ። ትሮይካ በ2003 ያወጣው ዘ ቴምፕል ኦፍ ኤለመንታል ኢቪል የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ነው። መነሻው ጋይጋክስና ፍራንክ ሜንትዘር 1985 ላይ ያሳተሙት የጀብድ መጽሐፍ ነው፤ ሕጉ ደግሞ የሦስተኛው እትም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሦስት ነጥብ አምስት የሚባለው። ታኮ ተሽሯል፤ ዳይስህን ትወረውራለህ፣ ትደምራለህ፣ ከመከላከያው ቁጥር እኩል ከሆንክ ወይም ከበለጥክ መታህ። ልጅም ይገባዋል።

ውጊያው በተራ ነው የሚሄደው፤ ልክ እንደ ጠረጴዛው። ጠላት አጠገብህ ሳለ ዞር ብለህ ከሮጥክ ከኋላ ይመታሃል። አንዲት እርምጃ ብቻ ከሆነ ግን ሳትመታ ማፈግፈግ ትችላለህ። በር ላይ ረጅም ጦር የያዘ ሰው ማቆም፣ አስማተኛን ከኋላው መደበቅ፣ እነዚህ ሁሉ መጽሐፉ እንዳለው ይሠራሉ። ከዚያ በፊትም ሆነ ብዙ ዓመት ከዚያ በኋላ የሦስት ነጥብ አምስትን ውጊያ እንደዚያ የሚያሳይ አላየሁም።

ከውጊያው ስትወጡ ግን ቤቱ ባዶ ነው። መንደሩ ውስጥ ሰዎች አሉ፤ ጉዳይ ይሰጧችኋል፤ ትፈጽማላችሁ። በዋናው የጀብድ መጽሐፍ ያ መንደር ሕይወት የሚያገኘው ዳኛው ሲናገርለት ነው። መጽሐፉ "እዚህ ቤት አንድ አናጺ አለ" ይላል፤ ዳኛው አናጺውን ሚስቱን የሚፈራ ሰው ያደርገዋል። ጌሙ አናጺውን አመጣ፣ ፍርሃቱን አላመጣም።

ሶላስታም የዚሁ ወገን ነው። በ2021 አንድ የፈረንሳይ ስቱዲዮ የአምስተኛውን እትም በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ክፍል ይዞ ሠራው። ብርሃንና ጨለማው፣ ከፍታና ዝቅታው፣ "ጠላት እስኪመጣ አድፍጬ እጠብቃለሁ" የሚለው እርምጃ ሳይቀር እንደ ሕጉ ነው። የመጽሐፉን ውጊያ መማር የሚፈልግ ሰው ከሶላስታ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም። ግን ታሪኩን ጠይቁኝ፤ ለማስታወስ እቸገራለሁ። ታማኝነት ውጊያ ይሰጣል፤ ሽንኩርት አይሰጥም።

የሰው ስንፍናም ሕግ ነበር

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝን አንድ ነገር ያስተማረኝ ፓዝፋይንደር ኪንግሜከር ነው። ፓዝፋይንደር በ2009 ከሦስት ነጥብ አምስት ተወልዶ የወጣ ሕግ ነው። አውልካት በ2018 ወደ ኮምፒውተር ሲያመጣው ከነግሳንግሱ አመጣው፤ ሙያው፣ የሙያው ቅርንጫፍ፣ የቅርንጫፉ ቅርንጫፍ። ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ብቻ አንድ ምሽት ይበቃል ለማለት አይደፈርም።

በዚህ ሕግ ከውጊያ በፊት የሚደገሙ አጋዥ ድግምቶች አሉ፤ አንዱ ጥንካሬ ይጨምራል፣ አንዱ መከላከያ፣ አንዱ ፍጥነት። ጠረጴዛ ላይ ተጫዋች አንድ ሁለቱን ይደግምና ይበቃዋል። ለምን? ምክንያቱም ስድስት ሰው ላይ አሥር ዓይነት ጭማሪ የሚደምር ሰው የለም። ሌሎቹ "ኧረ በፈጠራችሁ እንጀምር!" ይላሉ። የጠረጴዛው ሕግ ሲጻፍ ይህን የሰው ስንፍናና የጓደኛ ትዕግሥት ማጣት እንደ አንድ አንቀጽ ቆጥሯል፤ ሳይጽፈው። ኮምፒውተሩ ግን አይሰንፍም፣ አይሰለችም። ስድስቱንም ገጸ ባሕርያት የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ማንም አይቆጣውም። ስለዚህ ከባዱ ችግር ላይ ተጫዋቹ ከእያንዳንዱ ትልቅ ውጊያ በፊት ቆሞ ድግምት ይደረድራል፤ ጌሙም ይህን አውቆ ጠላቶቹን ያከብዳል። ሕጉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሌላ ሕግ ሆነ።

ሌላም አለ። ገና በጨዋታው መጀመሪያ ላይ አንድ ዋሻ ውስጥ የሸረሪት መንጋ ይገጥማችኋል። በሕጉ መሠረት እንዲህ ዓይነቱን መንጋ ሰይፍ አይጎዳውም፤ የሚወረወር የእሳት ጠርሙስ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ትክክል ነው፣ መጽሐፉ ላይ አለ። ብዙ ጀማሪ ግን እዚያ ዋሻ ውስጥ በሰይፉ አየሩን እየቆረጠ ሞቷል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ዳኛችን ቢሆን ፊቴን አይቶ "እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው? ችቦ አይደለም?" ይለኝ ነበር። ያ ጥያቄ ምክር ነው፣ ምሕረትም ነው። ኪንግሜከር በዚህ ፋንታ የሰጠኝ የችግር ደረጃ ማስተካከያ ሰሌዳ ነው፤ የጠላት ጉልበት ቀንስ፣ የሚደርስብህን ጉዳት ቀንስ። ምሕረት በመቶኛ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የማስተካከያ ቁልፍ ነው ማለት ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን ይህን ልጨምር፤ በ2020 በተራ የመጫወት አማራጭ ሲጨመርበት ጌሙ ተለወጠ። ግርግር ብቻ የነበረው ውጊያ ሊነበብ ቻለ። አንድ ሕግ ጊዜው ሲለወጥ ብቻ ምን ያህል እንደሚለወጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም መንገድ በአንድ ጌም ውስጥ ይሞክር።

አንድና ሃያ

ባልደርስ ጌት ሦስት በነሐሴ 2023 ሲወጣ ጌም የማይጫወቱ ሰዎች ሳይቀሩ ስሙን ሰሙት። የሠራው የቤልጂየሙ ላሪያን ነው፤ ሕጉ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛው እትም። ለመጽሐፉ ታማኝ ነው? በብዙው። ግን የሚያስደንቀኝ ታማኝ ያልሆነበት ቦታ ነው።

ሰውን ከገደል ገፍትሮ መጣል በመጽሐፉ የአንድ ጥቃትን ቦታ ይወስዳል፤ እዚህ ግን ከዋናው ጥቃት በተጨማሪ በትርፍ እርምጃ ይደረጋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይገፈትራል። እንደ ሕግ ሚዛኑ ተዛብቷል። እንደ ጨዋታ ግን ልክ ነው፤ ተጫዋቹ ከቁጥሩ ላይ ዓይኑን አንስቶ ገደሉን እንዲያይ ያደርገዋል። ሳጥን ደርድሮ አጥር መዝለል፣ ዘይት ያለበትን በርሜል መንጋው መሃል አስቀምጦ ማቃጠል፣ ውኃ ላይ የቆመን በመብረቅ መምታት ይቻላል። "ይህንን ባደርግስ?" ለሚለው ጥያቄ ዕቃዎቹና መሬቱ ራሳቸው መልስ ይሰጣሉ። ላሪያን ከዳኛው ሥራ ግማሹን ለቁሳቁሱ አከፋፈለው።

ሁለተኛው ለውጥ ይበልጥ ያከራክራል። በአምስተኛው እትም 20 ማውጣት ያለ ጥያቄ የሚያሸንፈው፣ 1 ማውጣትም ያለ ጥያቄ የሚያሸንፍብህ በጥቃት ላይ ነው። በችሎታ ፈተና ላይ፣ ማለትም በማሳመን፣ ቁልፍ በመስበር፣ በመደበቅ ላይ፣ እንዲህ አይልም። ፈተናው 5 ከሆነና ሌባህ 9 የሚጨምር ከሆነ በመጽሐፉ ሊወድቅ አይችልም፤ 1 ቢያወጣ እንኳን 10 ይሆናል። በባልደርስ ጌት ሦስት ግን 1 ከወጣ በቃ፣ ወደቀ። ከሃያ አንዴ፣ 5 በመቶ፣ ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ሲሰብር የኖረ ሌባ የልጅ ቁልፍ ያሸንፈዋል።

ላሪያን ይህን ከየት አመጣው? ከመጽሐፉ አይደለም፤ ከጠረጴዛዎቹ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ተጫዋቾች መጽሐፉ ምንም ቢል 1 ሲወጣ ይጮኻሉ፣ 20 ሲወጣ ይነሳሉ። ፎቶኮፒያችን ውስጥ ሳይኖር እኛም እንዲያ እናደርግ ነበር። የገባኝ በኋላ ነው፤ ላሪያን የቀዳው ሕጉን ሳይሆን ልማዱን ነው። ዳይሱን በትልቁ ስክሪን ላይ የሚያንከባልለው፣ "አንተ" እያለች የምትተርክ ድምፅ ያስቀመጠው፣ ሁሉም የዚያ ጠረጴዛ ናፍቆት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ልማዱ ጠረጴዛ ላይ የሚጥመው 1 ሲወጣ ዳኛው የሚስቅ ነገር ስለሚፈጥርበት ነው። ጌሙ ግን ለብዙዎቹ ውድቀቶች የጻፈው መልስ አንድ ነው፤ ውጊያ። ዘበኛውን ማሳመን ካቃተህ ሰይፍ ይመዘዛል። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ሎድ ይሄዳል። ዳይሱ በወርቅ ተሽሞንሙኖ እየተንከባለለ፣ ጣታችን ግን ሎድ ላይ ነው። የወደቅነው ነገር ሁሉ እንዳልተፈጠረ ይሆናል።

ሃያ አራት ዳኞች

በዚህ ጉዳይ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው ጌም የማንንም መጽሐፍ አልገዛም። ዲስኮ ኤሊሲየም በ2019 ወጣ፤ የሠሩት ኢስቶኒያውያን በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በራሳቸው ሕግ፣ ለዓመታት ሲጫወቱት ከኖሩት ዓለም ነው የቀዱት። ባለታሪኩ የራሱን ስም እስኪረሳ ጠጥቶ የነቃ መርማሪ ነው። ራሱን የቻለ የውጊያ ሥርዓት የለውም። ሁሉም ነገር ንግግርና ፈተና ነው።

ዳይሱ ራሱ የተለየ ነው። ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ሁሉም ቁጥር እኩል ዕድል አለው፤ ችሎታህ በአንድ ሲጨምር ዕድልህ ሁሌም በ5 በመቶ ይጨምራል። ዲስኮ ኤሊሲየም ሁለት ተራ ዳይሶችን ነው የሚወረውረው። ከ36ቱ አጋጣሚ 7 በስድስቱ ይወጣል፣ 2 እና 12 ግን በአንድ በአንዱ ብቻ። ስለዚህ 7 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው 58 በመቶ ዕድል አለው፤ ችሎታው በአንዲት ነጥብ ሲጨምርና 6 ሲበቃው 72 በመቶ ይሆናል። የሰውየው ማንነት ከዕጣው ይበልጥ ይከብዳል። ሁለት ስድስት ሁሌም ያልፋል፣ ሁለት አንድ ሁሌም ይወድቃል፤ ግን ይህ ከሃያ አንዴ ሳይሆን ከሠላሳ ስድስት አንዴ ነው። የላሪያንን ልማድ ሳይሽር አለዘበው።

ዋናው ግን ዳኛው ነው። መርማሪው 24 ችሎታዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም ይናገራሉ። አንዱ ማንም ያልጠየቀውን ዕውቀት ይዘረግፋል፣ አንዱ ጠጣ ጠጣ ይለዋል፣ አንዱ የሰውን ሐዘን ይሸተዋል። ይመክሩታል፣ ይዋሹታል፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። ዳኛችን ፊታችንን እያየ የሚናገረውን እዚህ የመርማሪው ጭንቅላት ውስጥ አስገብተው ለሃያ አራት ከፍለውታል።

ሲወድቅስ? ገና በማለዳ መርማሪው የሆቴሉን ሒሳብ ሳይከፍል ሮጦ ሊያመልጥ መሞከር ይችላል። ፈተናውን ከወደቀ በጀርባው እየዘለለ ለሥራ አስኪያጁ የስድብ ምልክት ያሳያል፤ በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ አሮጊት ላይ ይወድቃል። ይህን ሎድ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ውድቀቱ ከስኬቱ በተሻለ ተጽፏል። አጠገቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪም ኪትሱራጊ አለ፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ባልደረባ። ምንም አይልም፤ ያያል። በጌም ሕይወቴ በመውደቄ ያፈርኩት እዚያ ብቻ ነው። ያፈርኩት ስላየኝ ነው።

አንድ ሰው "ይህ ሁሉ ኮምፒውተርን ሰው ሁን ማለት አይደለም ወይ?" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ቶርመንትም፣ ዲስኮ ኤሊሲየምም ማሽኑን ሰው አላደረጉትም፤ ዳኛ እንደጎደለ አውቀው ለጉድለቱ ጻፉለት እንጂ። የፎልአውትም ታሪክ ይህንኑ ይላል። በ1997 የወጣው ያ ጌም መጀመሪያ የታሰበው ገርፕስ በተባለ የጠረጴዛ ሕግ ነበር፤ ስምምነቱ ፈረሰና ሠሪዎቹ የራሳቸውን ሕግ ለመሥራት ተገደዱ። በዚያ በራሳቸው ሕግ ማስተዋሉ እጅግ ዝቅ ያለ ገጸ ባሕርይ ከሰው ጋር በወጉ መነጋገር እንኳን አይችልም፤ ሰዎችም በዚያው ልክ ይመልሱለታል። ቁጥሩ ሒሳብ መሆኑ ቀርቶ ሰው የሚያየው ነገር ሆነ። መጽሐፉ መቅረቱ አልጎዳቸውም።

አየን እኮ

ጠረጴዛችን ተበትኗል። ዳኛችን ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። ታናሽ እህቱ ዱባይ ነች። አራተኛው ጓደኛችን አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ግን ልጆች አሉት፣ ጌም ትቷል። ብርጭቆውን እናቴ ሻይ ትጠጣበታለች።

ባልደርስ ጌት ሦስትን እስከ አራት ሰው ሆኖ በኢንተርኔት መጫወት ይቻላል። ባለፈው ሦስት ሆነን ሞከርነው። እኔ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ዱባይ 4 ሰዓት፣ እሱ ጋ ገና ከቀትር በኋላ። መስመሩ ሁለቴ ተቋርጦ ሁለቴ ተመለሰ። አንድ በር ላይ ደረስን፤ ዘበኛ አለ። እህቱ "ሽንኩርት የሚል ምርጫ የለውም?" አለች። የለውም። ሦስት ምርጫ ነበር፤ አንዱን መረጠች። ፈተናው ቀላል ነበር። ዳይሱ በትልቁ ተንከባለለና 1 ላይ ቆመ።

ጌሙ የተከፈተው እኔ ጋ ነው፤ ስለዚህ ሎድ የማደርገው እኔ ነኝ። ጣቴ እዚያው ነበር። "ቆይ ልመልሰው" አልኩ።

"አትመልሰውም" አለ ዳኛችን በስልኩ ውስጥ። "አየን እኮ።"

ተዋጋን። ተሸነፍን ለማለት ምንም አልቀረንም፤ እህቱ ሁለቴ ወደቀች፣ እኔ የነበረኝን መድኃኒት ሁሉ ጨረስኩ፣ ዳኛችን እየሳቀ ዘበኛውን ከድልድዩ ገፈተረው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ውድቀት አልመለስንም። ጌሙ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ሕጉም፣ ዳይሱም ያው ነው። የሚያይ ሰው ተገኘ እንጂ።

ወደፊት "ይህ ጌም ለመጽሐፉ ታማኝ ነው" የሚል ትችት ስታነቡ፣ እኔን ባታምኑኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ። ሆን ብላችሁ ውደቁ። ከዚያ ጌሙ የሚላችሁን ስሙ።